የኦድቫር ጉልበትና የተራራው ደብተር

ኦድቫር ሰው ቤት ሲጠራ ቀድሞ የሚገባው ሳሎን አይደለም፣ ሻወር ቤት ነው። ሽንቱ መጥቶበት እንዳይመስላችሁ። በሩን ዘግቶ ይንበረከክና ሴራሚኩን አንድ በአንድ በጣቱ አንጓ ያንኳኳል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከመሃል አንዷ ባዶ ድምፅ ከሰጠች የዚያ ቤት ሰዎች አለቀላቸው። እጁን ሱሪው ላይ እየጠራረገ ይወጣና "ማን ነው ያነጠፈላችሁ?" ይላል። ያነጠፈው ምስኪን ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ገና ድረስ በሃምረቪክ ከተማ ሰላም አያገኝም።

አርባ አራት ዓመት ሴራሚክ ሲያነጥፍ ኖሯል። በዚያች የኖርዌይ ባሕር ዳር ከተማ እሱ ያልተንበረከከበት ሻወር ቤት ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። ቄሱ እንኳ በዕድሜያቸው ሙሉ የኦድቫርን ያህል አልተንበረከኩም። ሥራውንስ ይችላል፣ ይሄን ማንም አይክደውም። ሴራሚክ ራሱ አይበላሽም፣ የሚበላሸው ሥሩ ነው ይላል። ሥሩ እርጥበት ከያዘ፣ ሥሩ ከተነቃነቀ፣ ሲሚንቶው ሳይጠና ከተረገጠ፣ ላዩ እንደ መስታወት ቢያበራ ዋጋ የለውም። ይሄን ለሰው ሁሉ ሲሰብክ የኖረ ሰው ነው እንግዲህ። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ለሴት ብቻ የተባለ ይመስላችኋል?

አርባ አራት ዓመት የተንበረከከ ጉልበት ያው ያልቃል። ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው በቀኝ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት ተፍቆ አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋጭ ጀመር። ደረጃ ሲወጣ ወፍጮ ቤት የገባሁ ይመስለኛል ትል ነበር ሚስቱ ኦስላውግ። ማዶ ወዳለው ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ያለቀውን አጥንት ከላይም ከታችም ከረከሙለት፤ የላዩን ብረት አለበሱት፤ ለታቹ ብረት አነጠፉለት፤ ሁሉንም በሲሚንቶ አጣብቀው በመሃል ወፍራም ፕላስቲክ አስገቡና ሰፉት። ከወገቡ በታች ብቻ ነበር ያደነዘዙት። ሲሚንቶ የምትል ቃል ጆሮው ስትገባ ኦድቫር ራሱን ከትራሱ ቀና አድርጎ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠየቀ አሉ። ዐሥር ደቂቃ ግድም ቢሉት ሳቀባቸው። ሥሩን መጀመሪያ በደንብ አድርቁት ብሎም መከራቸው። ግማሽ አካሉ በድን ሆኖ ሰው ማረም አልተወም።

ቀዶ ሐኪሟ ቱቫ ትባላለች፣ ፈጣን፣ ቀጭን ሴት። ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችው። ተራመድ፣ ዋኝ፣ ብስክሌት ንዳ አለችው። መዝለል የለም፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ ዳገት መውጣት የለም፤ ቁልቁለት መሮጥ የለም፤ መንበርከክም ቢቀርብህ ይሻላል። አዲስ ሕመም ከመጣ ሳትውል ሳታድር ደውል። የሰው እጅ ሥራ ነው፣ በተረገጠ ቁጥር እንደ ጫማ ሶል ያልቃል፤ ረጋ ብሎ ለረገጠው ሃያ ዓመትም ከዚያም በላይ ይቆያል። ከዚህ ሁሉ ንግግር ኦድቫር ይዞ የወጣው "ተራመድ" የምትለዋን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ምርኩዙን ጣለ። በአራተኛው ሱቅ ውስጥ ወተት የሚገዛውን ሰው ሁሉ እያስቆመ በመኪና ቁልፉ ጉልበቱን ያንኳኳ ጀመር። "ብረት ነው፣ እኔን ቀብሮ ይቀራል" ይላል። የሚሰማ ድምፅ እንኳ የለም፣ የሚመታው ሥጋውን ነው። ሰዉ ግን ጨዋ ነው፣ ራሱን ነቅንቆ ወተቱን ይዞ ይሄዳል።

ከከተማዋ ጀርባ ክሮከፌል የሚባል ተራራ አለ። አናቱ ላይ የብረት ሣጥን ተተክሏል፣ ሣጥኑ ውስጥ ደብተርና እርሳስ አለ። የወጣ ሰው ቀኑንና ስሙን ይጽፋል። ስፖርት ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር ላይ ደብተሩን ይቆጥርና መቶ ጊዜ ለወጣ ሰው ኩባያ ይሰጣል። ከሁሉም በላይ የወጣው ደግሞ ስሙ ተቀርጾ አዳራሹ መግቢያ ላይ ይሰቀልለታል። ልብ በሉ፣ ኩባያ ነው፣ የሸክላ። ለዚያች ኩባያ ሲሉ የሠርግ ግብዣ አቋርጠው የወጡ አሉ። ባሏን ለቀዶ ሕክምና አስገብታ "እስኪነቃ ድረስ" ብላ ተራራ የወጣችም አለች፣ ስሟ ይቅር። ደብተሩ ላይ ማጭበርበር ግን የማይታሰብ ነው። በሃምረቪክ ግብር የሚያጭበረብር አለ፣ ሚስቱን የሚያጭበረብርም ሞልቷል፣ እነሱ ሰላምታ ይሰጣቸዋል። የተራራ ደብተር ያጭበረበረ ሰው ግን ቢሞት ማን ይቀብረዋል?

ኦድቫር ብረቱን ባስገባ በሁለተኛው ዓመት ስሙ ተሰቀለ። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም፣ በአምስተኛውም። አንዱን ዓመትማ አራት መቶ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ ማለዳ አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ። መውጣቱ አልበቃ ብሎት ደግሞ የመጨረሻው አቀበት ረግረግ ስለሆነ ድንጋይ ካላነጠፍኩበት አለ። ማንም አልለመነውም። ከታች ከመኪና ማቆሚያው ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን እየመረጠ ዐሥራ አምስት ኪሎ በጀርባው አዝሎ ይወጣል፣ አናቱ ላይ በዚያው ጉልበቱ ተንበርክኮ በውሃ ልክ እየለካ ያነጥፋል፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በታች ልግባ ብሎ ቁልቁለቱን እንደ ፍየል ሲሮጥ ይወርዳል። ድንጋዮቹም ሥራቸው ረግረግ ነውና በየጸደዩ ይዋልላሉ፣ እሱ እንደገና ተንበርክኮ ያስተካክላል።

ሁሌ ሁለተኛ የምትወጣው ዮሩን ናት፣ ጡረታ የወጣች ፖስተኛ። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። የእሷ ሁለቱም ጉልበቶች ብረት ናቸው፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በሁለት ዱላ እየተደገፈች፣ ባዶ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ከራሷ ጋር እያወራች ትወጣለች። ስትወርድ ቋጥኙን ትታ በመኪናው መንገድ ዞራ ቀስ ብላ ትመጣለች። ኦድቫር ድንጋዩን አዝሎ ሲያልፋት ሁልጊዜ ያቺኑ ቀልድ ይቀልዳል።

"ዮሩን፣ ዛሬ ፖስታው ለማን ነው?"

"ላንተ ነው። ከሆስፒታል የመጣ ነው፣ ስትቆም እሰጥሃለሁ።"

እሱ አይቆምም፣ እሷም አትቸኩልም።

በስድስተኛው ዓመት ሕመሙ መጣ። አመጣጡ ተንኮለኛ ነው። ከወንበር ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ላይ ልክ ከጉልበቱ ሥር፣ አገዳው አናት ላይ፣ ሚስማር የተረገጠ ያህል ይወጋዋል፣ አራተኛው እርምጃ ላይ ይጠፋል። የጠፋ ሕመም የለም ማለት ነው ብሎ ወሰነ። ሦስቱን እርምጃ ሰው እንዳያይበትም ዘዴ አበጀ። ቤቱ ሲሆን ይነሣና ቆሞ በመስኮት አየሩን ያያል፣ ሲለቀው ይራመዳል። ሰው ቤት ሲሆን ደግሞ የግድግዳ ሥዕል ያያል። መርከብ ያለበት ሥዕል፣ አጋዘን ያለበት ሥዕል፣ ምንም ቢሆን። ድሮ ሴራሚክ እንጂ ሌላ አይቶ የማያውቅ ሰው በስተርጅና ሥዕል ወዳድ ሆነ ተብሎ ተወራለት።

ቀጥሎ ጉልበቱ ማታ ማታ ማበጥ ጀመረ። የቤቱን ደረጃ መጀመሪያ እንደ ሸርጣን በጎን ወረደው፣ በኋላ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ በጀርባው ይወርድ ጀመር። ኦስላውግ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ፋብሪካ ቆማ የሠራች ሴት ናት፣ ዓይኗ ከቢላዋ ይብሳል። ምን ሆነህ ነው በጀርባህ የምትወርደው ብትለው አምፖሉን እያየሁ ነው አላት። ሐኪም ጋ እንደውል ብትለው ደህና ነኝ አላት። ደህና ነኝ ማለት በዚያ አገር እንደ ኮት ነው፣ ሰው ሳይለብሰው ከቤት አይወጣም። ባቡር የገጨው ሰው እንኳ ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚላት እሷን ነው።

ሆስፒታሉ በየዓመቱ ወረቀት ይልካል። ሕመምህ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ነው ይላል ወረቀቱ። ኦድቫር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መነጽሩን አድርጎ፣ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ዜሮ ብሎ ይሞላል። ዐሥር የሚሞላ እግሩ የተቆረጠ ሰው ነው፣ እኔ ማን ነኝና የሌላ ሰው ወረፋ የምሻማ ይላል። ኧረ ለትሕትናው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ? ይሄኛው ደብቆ አልበቃው ብሎ በጽሑፍ ፈርሞ አረጋገጠ። ጤነኛ ነኝ የሚለውን ወረቀት ደግሞ እያነከሰ ፖስታ ሣጥን ድረስ ወስዶ ከተተው። አራት ዓመት ማለት ይቻላል እንዲህ ሲያደርግ፣ ተራራውም አልቀረ፣ ድንጋዩም አልቀረ።

በዐሥረኛው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ኦስላውግ ተደብቃ ደወለች። ቀጠሮ ያዘችና መጋረጃ ልናይ ነው ብላ ማዶ አሻገረችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ነው የገባው። ራጅ አነሡት፣ በመርፌ ከጉልበቱ ፈሳሽ ቀድተው ማመርቀዝ ይኖርበት እንደሆነ መረመሩ። የለበትም። ከዚያ ቱቫ የድሮውን ራጅና ያሁኑን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችው። ድሮ ያልነበረ ጥቁር መስመር በታችኛው ብረት ሥር ዙሪያውን ሄዷል፣ ወደ ውስጥ በኩል ደግሞ ሰፍቶ ጉድጓድ ሆኗል።

"ይሄ ጥቁሩ ምንድነው?" አለ ኦድቫር።

"አጥንት የነበረበት ቦታ ነው።"

"ብረቱ ተሰበረ?"

"ብረቱ ምንም አልሆነም፣ እንዳንተ ነው፣ ንክች አይልም። ያለቀው ሥሩ ነው።"

ኦድቫር በሕይወቱ ሙሉ ለሰው ሲላት የኖረውን ነገር ሰው ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ቱቫ ቁጭ ብላ አስረዳችው። መሃል ያለው ፕላስቲክ በተረገጠ ቁጥር ይፋቃል፣ ፍቅፋቂው ከዱቄት የላመ ነው፣ በዓይን አይታይም። ሰውነት ደግሞ ባዕድ ነገር ሲገባ የሚበሉ ዘበኞች አሉት። እነሱ መጥተው ያንን ዱቄት ይውጣሉ፣ ፕላስቲክ ነውና አይፈጭላቸውም። ሲያቅታቸው ይቆጣሉ፣ ሌሎች ይጠራሉ፣ በእነሱ ግርግር መሃል የሚሟሟው ምንም ያላደረገው አጥንት ነው። አጥንቱ ሲሸሽ ብረቱ በጥቂቱ መወዝወዝ ይጀምራል። በተወዛወዘ ቁጥር ዱቄቱንና ፈሳሹን እንደ ፓምፕ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ ሌላ አጥንት ያስበላል። ተነሥተህ ስትራመድ መጀመሪያ ላይ የሚወጋህ የላላው ብረት ቦታውን እስኪይዝ ነው አለችው። ቁልቁለት ላይ ጉልበት የሰውየውን ክብደት ሦስት አራት እጥፍ ይሸከማል። ሲሮጥ ከዚያም ይብሳል። ስንት ጊዜ ነው በዓመት የምትወጣው ብትለው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

ቱቫ ሴትየዋ እውነተኛ ናት፣ የራሷንም አልደበቀች። ታችኛው ብረት ሲተከል ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ያዘነበለ ይመስላል፣ እሱም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም አለችው። ኦድቫር እንደ ድመት ዘለለ።

"በውሃ ልክ አልለካችሁትም?"

"ለክተናል። ሁለት ዲግሪ አሁን ውጪ በተቀመጡት ሰዎች ላይ ሃያ ዓመት ትኖራለች። ድንጋይ የሚያመላልስ ሰው ላይ ነው መኖር ያቃታት።" ከፋይሉ ውስጥ የዓመት ዓመቱን ወረቀት አወጣች፣ ሁሉም ዜሮ ነው። "እነዚህን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሦስት ብለህ ብትጽፍ ኖሮ ጠርቼህ፣ ከዚህ ባነሰ ነገር እንገላገል ነበር።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ አልጋ አለ፣ ግባ አለችው። ከአዲስ ዓመት በኋላ ይሁንልኝ አላት። ለምን ብትለው ቤተሰባዊ ጉዳይ አለብኝ አለ። ኦስላውግ ጎኑ ተቀምጣ ነው እንግዲህ ይሄን የሚለው፣ ከእሷ ሌላ ቤተሰብ የለውም። ቱቫ አጥንቱ አዲስ ዓመትን አይጠብቅም አለችው። ከዚህ በላይ ካለቀ አዲሱን የማስርበት ነገር አጣለሁ፣ ሊሰበርም ይችላል፣ ያኔ ያለኝ ምርጫ እግርህን ቀጥ አድርጌ እንዳይታጠፍ አጣብቄ መዝጋት ብቻ ነው፣ አውቶቡስ ላይ ስትቀመጥ ሰው የሚሰናከልብህ ሰው ትሆናለህ አለችው። እሱ ግን ከአዲስ ዓመት በኋላ ብሎ ድርቅ አለ።

ሲመለሱ ጀልባው ላይ ኦስላውግ ቋሊማ በቂጣ ገዝታ ብቻዋን በላች፣ ብላ አላለችውም። በልታ ስትጨርስ አፏን ጠርጋ ቤተሰባዊ ጉዳዩ ምንድነው ብላ ጠየቀችው።

"ዮሩን እኔ ላይ ለመድረስ ሦስት ብቻ ነው የቀራት" አለ ኦድቫር፣ ባሕሩን እያየ።

"ለኩባያ?"

"ለኩባያ አይደለም።"

"ኩባያማ ቁም ሣጥን ሙሉ አለን። እግር ነው ሁለት ብቻ ያለህ።"

ወጣ እንግዲህ፣ መውጣቱን አልተወም። ድንጋዩን ግን ተወ፣ ሰው ሲጠይቀው ወቅቱ አይደለም ይላል። መሮጡም ቀረ። ጉልበቱ አንድ ቀን ከወጣ በማግስቱ እንደ ዱባ ያብጣል፣ ማግስቱን ካላረፈ አይታጠፍም። ዮሩን በዚያ ኤሊ እርምጃዋ ሳታቋርጥ እየወጣች ሦስቱን ሁለት አደረገቻት፣ ሁለቱን አንድ። አንድ ማክሰኞ ኦድቫር እየተንፏቀቀ አናቱ ላይ ደርሶ ደብተሩን ከፈተ፣ ማክሰኞ፣ ኦድቫር ብሎ ጻፈ። እርሳሱን አላስቀመጠም። ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ቁራ እንጂ ሰው የለም። ከሥሩ ረቡዕ፣ ኦድቫር ብሎ ጨመረ። በሳምንቱም ደገመው፣ በሌላው ሳምንትም ደገመው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ያነጠፈውን ሲያንኳኳ የኖረ ሰው፣ የራሱን ስም ከሥሩ ባዶ አድርጎ አነጠፈው።

የሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ማታ በረዶ ጣለ። ረቡዕ ከሰዓት በፊት ዮሩን በዱላዋ እየቆፈረች ወጣች። መንገዱ ላይ ከጥንቸል ሌላ የማንም ዱካ የለም። ደብተሩን ብትከፍት የዛሬዋ ረቡዕ፣ ኦድቫር የሚል ተጽፎ ይጠብቃታል። አርባ ዓመት ቀን የተመታበት ወረቀት ስታገላብጥ የኖረች ሴት ናት፣ ሁለቴ ማሰብ አላስፈለጋትም። ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ ስሟን ከሥሩ ጽፋ፣ ሣጥኑን ዘግታ ወረደች።

ሐሙስ ቤታቸው መጣች። ኦስላውግ ዕቃ እያጠበች ነበር። ኦድቫር እንግዳ ስትገባ ከወንበሩ ተነሣ፣ እንደ ልማዱም ቆሞ በመስኮት አየሩን ያይ ጀመር።

"ተቀመጥ ኦድቫር፣ በረዶው ያው የትናንቱ ነው" አለች ዮሩን ኮቷን ሳታወልቅ። "ትናንት ተራራ ላይ ነበርክ?"

"ደብተሩ ላይ አለሁ።"

"ደብተሩ ላይማ አለህ። በረዶው ላይ ነው ያጣሁህ።"

ኦስላውግ ሳህን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ኦድቫር ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም። ለማን ተናገርሽ አለ ድምፁ ወርዶ።

"ለማንም። ፖስተኛ ነበርኩ፣ የሰው ደብዳቤ አልከፍትም። ግን ደብተሩ ሞልቷል፣ ቅዳሜ አውርደው አዲስ ይተካሉ። የሚቆጥሩት ሰዎች ዓይን አላቸው።" ተቀመጠች፣ ሁለቱን ዱላዎቿን ጭኗ ላይ አጋደመች። "ታሸንፈኛለህ ብዬ አይደለም የመጣሁት። እኔ ሁለት ጉልበት ዐሥራ አራት ዓመት ይዤ ስሄድ ጀግና ሆኜ መሰለህ? እድልም ነው። ግን ሲያመኝ አመመኝ እላለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ እደውላለሁ። አንተ ሬሳህ ሲታጠብ እንኳ ደህና ነኝ ሳትል አትቀርም።"

ምንም ሳትቀምስ ሄደች። ከቡና ጋር ለሚቀርበው ዋፍል እንኳ አልቆየችም፣ ያ በሃምረቪክ እንደ ጥፊ ነው።

ዓርብ ጠዋት ኦድቫር የተራራ ጫማውን ሲያጠልቅ ኦስላውግ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ልትሰርዝ ከሆነ አደርስሃለሁ" አለችው። "ልትጽፍ ከሆነ በእግርህ ሂድ።"

"ልሰርዝ ነው።"

የራሷን ሁለት ዱላ ሰጠችው። ተቀበላት፣ ሲቀበል ፊቱን አላየችበትም። ድሮ በአርባ ደቂቃ የሚወጣውን ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። አናቱ ላይ ደርሶ ሦስቱን የውሸት መስመሮች አንድ በአንድ ሰረዘ፣ ሰው አንብቦ ማን እንደነበረ እንዲያውቅ አድርጎ፣ ስሙ ሳይጠፋ። ይሄን ጥሩ አድርጓል፣ ይሰጠው። ዓርብን ግን ጻፋት። ወጥቷል አይደል? ይቺን መተው እንኳ አልሆነለትም።

ሲወርድ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ምንም በሌለበት ቦታ፣ ቀኝ እግሩን ሲረግጥ ጉልበቱ ውስጥ እንደ ተከፈተ መሳቢያ አንድ ነገር ተንሸራተተ። በቂጡ በረዶው ላይ ተቀመጠ። ሊነሣ ሞከረ፣ እግሩ የእሱ አልሆነም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፣ መስመርም አለው። ነገር ግን ሲደወል በአልጋ ተሸክመው የሚያወርዱት የከተማዋ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ከእነሱ ግማሹን ሻወር ቤታቸው ገብቶ አዋርዷቸዋል። እነሱ ትከሻ ላይ ከመውጣት መሞት ይሻለኛል አለ መሰለኝ፣ ቦርሳውን ከቂጡ ሥር አድርጎ፣ ያንን እግር በሁለት እጁ አቅፎ፣ እንደ ሕፃን እየተንሸራተተ ወረደ። ከአንድ ሰዓት በላይ። የሚያንሸራትተው ሲያልቅ በክርኑ እየተጎተተ።

ኦስላውግ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እየሰማች ነበር። ከጥዶቹ መሃል በቂጡ ሲመጣ ስታየው መጀመሪያ የቆሰለ አጋዘን ነው ብላ ነበር። ወጥታ ሮጠች። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ሱሪው ተቀዷል። ምን ሆንክ አለችው። አፉን ከፈተ። ያቺ የለመዳት ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፣ ኦስላውግ አየቻት። ግን አልወጣችም።

"አመመኝ" አለ።

"ድገመው።"

"አመመኝ፣ ኦስላውግ።"

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲኖሩ ይቺን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። በረዶው ላይ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ኮቷን አልብሳው፣ ሳትጠይቀው ስልኩን ከኪሱ አውጥታ አምቡላንስ ጠራች። በአልጋ ያነሡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሻወር ቤቱ ውስጥ ስድስት ባዶ ሴራሚክ የተገኘበት ነው። ቀስ አድርጎ ነው ያነሣው።

ታችኛው ብረት ሰምጦ ከሥሩ ያለው አጥንት ተሰንጥቆ ነበር። ቱቫ አምስት ሰዓት ቆማ ሠራችው። ፕላስቲኩ በአንድ በኩል እንደ አሮጌ ሳሙና ተበልቶ ወጣ። ብረቱ ሳይታገላቸው በእጅ ተነቀለ። ሥሩ ያለው አጥንት ውሃ የነካው ዳቦ ሆኗል። እሱን ጠርገው ጠርገው ደህናው ጋ ሲደርሱ ጉድጓዱን በሌላ ብረት ደፈኑ፣ ረጅም ዘንግ አገዳው ውስጥ እስከ መሃል ድረስ አስገቡ። እግሩ ተረፈለት። ቀጥ ብሎም አልቀረም፣ ግን ከግማሽ በላይ አይታጠፍም። ተራራ የለም፣ መንበርከክ የለም፣ ወደቡ ዳር ያለው ደልዳላ መንገድ ግን ያንተ ነው ተባለ። በምርኩዝ ይሄድበታል። ሰው ካስቆመው ስለ ሁለት ዲግሪዋ ይነግረዋል፣ ስለ አራት መቶ ሁለቱ ግን አያነሣም። አፉ ያው ነው፣ ለአፍ ቀዶ ሕክምና የለው።

እግሩ ስለማይታጠፍ ቀኝ እግሩ ጋ መድረስ አይችልም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኦስላውግ ተንበርክካ ካልሲ ታጠልቅለታለች፣ ጫማውን ታስርለታለች። እሱ ከላይ ሆኖ ያርማታል። ማሰሪያው ተጣሟል ይላል፣ ከታች ጀምረሽ ሳቢው ይላል። እሷ እንደፈለገች ታስረዋለች።

አንድ ጠዋት አስራ ስትነሣ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ትንሽ ቆየች። ኦድቫር አያት።

"ያምሻል?"

"አዎ፣ ግራው" አለች ኦስላውግ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጠሮ ይዣለሁ። ምሳህን ራስህ ታሞቃለህ።"